ድልድይ ላይ የታሰረችው ብስክሌት አልበቃችንም?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ ሆላንድ ለምትኖሩ ፎቶ ወዳጆች ነው። ብስክሌት ስናነሳ ለምንድን ነው ሁላችንም ያችኑ አንድ ፎቶ ይዘን የምንመጣው? ታውቋታላችሁ። የአምስተርዳም ካናል አለ። ድልድይ አለ። የድልድዩ ብረት ላይ የታሰረች ጥቁር ብስክሌት አለች። ቅርጫቷ ላይ አበባ ተጠምጥሟል። ከኋላ ጠባብና ረጃጅም ቤቶች ተደርድረዋል። ሰው ግን የለም።

ይህ አገር ወደ 18 ሚሊዮን ሕዝብ ይዞ ወደ 23 ሚሊዮን ብስክሌት አለው። ሰዉ ከሚያደርገው ጉዞ ከሩብ በላዩ በብስክሌት ነው። ይህ ሁሉ ብስክሌት ታስሮ አይውልም። ልጅ ያደርሳል፣ አስቤዛ ይሸከማል፣ ሠራተኛ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል። እኔ የምለው፣ የብስክሌቱ ነገር ያለው ጭነቱና ነጂው ላይ ነው። ባዶዋን ብስክሌት ፖስትካርድ ሻጭ ያንሳት።

እናንተስ ሰፈራችሁ ውስጥ ምን ታያላችሁ? የት ቆማችሁ ታነሳላችሁ? ሰዎቹስ ይከፋቸዋል?

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ እንዲመቻችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ ላይ ዝም አላልኩም። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ የዩትሬክት ነዋሪ ነች። በደንቡ ሰላምታ ሰጥታ ገባች፣ በሐሳቡም ተስማማች። የምትቆመው ፍሬደንቡርኽ ነው። በአገሪቱ ብዙ ብስክሌት ከሚያልፍባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበት ሰዓት ትሄዳለች። ምክሯ አጭር ነው፦ ፊት ተዉና እጅ ተመልከቱ። አንዱ እጅ መሪውን ይዟል። ሌላው እጅ ግን ሁልጊዜ ሥራ አለው። ጃንጥላ ይይዛል፣ ቡና ይይዛል፣ የውሻ ገመድ ይይዛል። አባት ከጎኑ የምትነዳውን ልጁን ጀርባዋ ላይ እጁን አድርጎ በነፋስ ውስጥ ይገፋታል። እሷ በጣም የምትወደው ግን አንዱን ብስክሌት እየነዳ ሌላ ባዶ ብስክሌት በአንድ እጁ ይዞ የሚሄደውን ሰው ነው። ያ ሰው ከጣቢያ እንግዳ ሊቀበል እየሄደ ነው። እንግዳው ገና ከባቡር ሳይወርድ ብስክሌቱ መጣለት ማለት ነው።

ክሩ እንዲህ በመጀመሩ ደስ ብሎኝ ነበር።

መልስ 2

ብስክሌት ብስክሌት ነው፣ አትፈላሰፉ የሚል አንድ መስመር። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው አልተመለሰም።

መልስ 3

ሮተርዳም ውስጥ ብስክሌት በመጠገን የሚተዳደር ሰው ነው። ራሱን ጎሚስታ እያለ ይጠራል። ከሁሉም መልስ የእሱን ብታነቡ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ።

መጀመሪያ ያችን የድልድይ ብስክሌት ያዛት። እሱ እንደሚለው ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ባለቤት የላቸውም። ባለቤቱ ከተማ ቀይሯል፣ ወይም ቁልፉ ጠፍቶበታል፣ ወይም የት እንዳሰራት ረስቷል። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች እየዞሩ ምልክት ይለጥፉባቸዋል። በተሰጠው ቀን ውስጥ ካልተነሳች ሰንሰለቷን ቆርጠው ወደ ማከማቻ ይወስዷታል። የሞተችውን ለመለየት ሦስት ነገር ማየት ይበቃል ይላል። ጎማዋ ተንፍሷል፣ ካቴናዋ ዝጎ ደርቋል፣ ፔዳሏ ላይ ሸረሪት አድርቷል። ፎቶ አንሺው የሆላንድን ሕይወት አነሳሁ ሲል ያነሳው የተጣለ ዕቃ ነው።

ቀጥሎ ብስክሌቷ ለምን እንዲህ እንደተሠራች አስረዳ። ካቴናው በሽፋን የተዘጋው ሱሪ ግራሶ እንዳይነካው ነው። ከኋላ ጎማ ጎን ያለው ሸራ ወይም ፕላስቲክ የኮትና የቀሚስ ጫፍ ሽቦዎቹ ውስጥ እንዳይገባ ነው። መሪው ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የታጠፈው ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ነው። ሰዉ ብስክሌት ለመንዳት ልብስ አይቀይርም፤ ብስክሌቷ ናት ለልብሱ የተሠራችው። ፍሬኑም በብዙዎቹ ላይ እግር ላይ ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጠው ትቆማለች። መልስ 1 ላይ ያለችው እህት ያየችው ነጻ እጅ የመጣው ከዚህ ነው ሲል አያያዘው። መሪው ላይ የፍሬን እጀታ ከሌለ ሁለቱም እጅ መሪው ላይ መዋል የለበትም።

ብስክሌቶቹ ለምን አሮጌ ሆኑ ለሚለውም መልስ አለው። የሌባ ነገር ነው። ውድ ብስክሌት ጣቢያ አድራ አትገኝም። ስለዚህ ሰዉ ሁለት ይገዛል። ለቅዳሜና እሑድ ጥሩዋን፣ ለጣቢያ የተጎሳቆለችዋን። ቁልፉም ሁለት ነው፦ የኋላውን ጎማ የሚቆልፈው ቀለበትና ከባዱ ሰንሰለት። አንዳንዴ ሰንሰለቱ ከብስክሌቷ ዋጋ ይበልጣል ብሎ ሳቀ።

መልስ 4

ሄግ የምትሠራ ነርስ ነች። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ትንሽ ተቀየረ። እናንተ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ታያላችሁ፣ እኔ ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ እነዳዋለሁ የሚል መንፈስ አለው ጽሑፏ። ሆላንድ ዳገት የላትም የሚል ሰው ፌብሩዋሪ ላይ የባሕር ነፋስ ፊት ለፊት ይዞት አያውቅም አለች። እውነቷን ነው።

ጨለማውን አንሱት ትላለች። ክረምት ላይ ሰዉ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው፤ ፖሊስም ቆሞ ይቀጣል። ብዙ ሰው ትንንሽ መብራቶች ገዝቶ ኮቱ ላይ ይሰካል። ብልጭ ድርግም እስካላለ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል። እሷ የምታየው ሆላንድ እሱ ነው፤ ፀሐይም አበባም የለበትም።

መልስ 5

ይህኛው የካሜራ ሰው ነው። ቃናው የአስተማሪ ነው፣ ግን የሚጠቅም ነገር ይዟል። የካሜራውን መዝጊያ፣ ሻተሩን፣ 1/30 ሰከንድ አካባቢ አድርጉ። ብስክሌቱ ከጎን ሲያልፍ ካሜራውን በእሱ ፍጥነት አብራችሁ አዙሩ። ሰውየው ይጠራል፣ ኋላው ይደበዝዛል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ይበላሻል፤ አትናደዱ። ለመልስ 4 ደግሞ ካሜራውን የድልድዩ ብረት ላይ አስደግፋችሁ 2 ሰከንድ ክፍት ብታደርጉት መብራቶቹ ቀይና ነጭ መስመር ይሆናሉ አለ።

አንድ ነገሩ ግን ከሁሉም በልጦብኛል። የካናል ድልድዮች መሐላቸው ጉብ ያለ ነው። ሰዉ ሲወጣ ከኮርቻው ብድግ ይላል፣ ጥርሱን ይነክሳል። ጫፉ ላይ ፊቱ ይፈታል። ሲወርድ እግሩን ያሳርፋል። ሦስቱም ፊት በአንድ ድልድይ ላይ ይገኛል። ከዚያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አስከተለ፦ ቀዩ አስፋልት ላይ አትቁሙ። እሱ የብስክሌት መንገድ ነው። እዚያ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚሰማው ነገር ደወል ብቻ አይደለም።

መልስ 6

ነርሷ ተመልሳ መጣች። መስመር አልጠየቅኩም፣ ሰው ነው ያልኩት አለች። 2 ሰከንድ ከፍተህ ሰውየውን አጥፍተህ መብራቱን ታስቀራለህ፤ ከዚያች የድልድይ ብስክሌት በምን ተሻለ? እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

መልስ 7

ጋሼ ገቡ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አምስተርዳም የሚኖሩ አባት ናቸው። ሁሉም በአንቱታ ነው የሚያናግራቸው።

ልጆቼ፣ ይህ ነገር ከሰማይ የወረደ አይምሰላችሁ ብለው ጀመሩ። በ1950ዎቹና 1960ዎቹ መኪና ከተማውን ወርሶት ነበር። አሁን ሰዉ ቡና የሚጠጣባቸው አደባባዮች የመኪና ማቆሚያ ነበሩ። በ1971 በመንገድ አደጋ ወደ 3,300 ሰው ሞተ። ከ400 በላዩ ልጆች ነበሩ። ወላጆች መንገድ ላይ ወጡ። የልጆች ግድያ ይቁም የሚል እንቅስቃሴ ተነሳ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መንግሥት እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሰዉ ባዶ አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌትና በእግር ወጣ። እሳቸው ሲመጡ የዚያ ትግል ወሬ ገና ትኩስ ነበር። ጎረቤታቸው የነበሩ ሴትዮ ሰልፉ ላይ መንገድ ላይ ከተኙት አንዷ ነበሩ።

ከዚያ አምስተርዳም ወዳለው ትልቁ የሥዕል ሙዚየም፣ ወደ ራይክስሙዚየም ወሰዱን። በሕንፃው ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ አለ። ብስክሌት መሐል ለመሐል ያልፍበታል። ሙዚየሙ ለዓመታት ታድሶ ኤፕሪል 2013 ሲከፈት፣ አስተዳደሩ ብስክሌት እንዳይገባ ፈልጎ ነበር። ብስክሌተኞቹ እምቢ አሉ። በቀጣዩ ወር መተላለፊያው ተከፈተላቸው። ጋሼ እንደሚሉት ዛሬም እዚያ ብትቆሙ ሙዚቀኛ ሲጫወት ትሰማላችሁ፣ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ከሁለቱም ጫፍ ነጂውን ጥቁር ጥላ ያደርገዋል። የሙዚየሙን ሥዕል ለማየት ይከፈላል፤ ይህ በነጻ ነው ብለዋል።

መልስ 8

አንድ ወጣት ጋሼን ሊያርም ተነሳ። በጨዋነት ነው፣ ግን ይጎረብጣል። ብስክሌት በ1970ዎቹ አልተጀመረም፤ ከጦርነቱ በፊትም ይህ አገር የብስክሌት አገር ነበር። ንግሥት ዊልሄልሚና ራሳቸው ይነዱ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የሕዝቡን ብስክሌት ነጥቀዋል። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ከጀርመን ጋር ኳስ ሲጫወቱ ብስክሌቴን መልስ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

መልስ 9

ጋሼ መለሱ። ልጄ ትክክል ነህ፣ እኔም አልተሳሳትኩም አሉ። ብስክሌቱ ነበረ፣ መኪና ገፋው፣ ሰዉ ታግሎ መለሰው። ሁለታችንም አንድ ታሪክ ነው የምናወራው፤ አንተ ከመጀመሪያው ጀመርክ፣ እኔ ከመሐሉ። ይህን ሳነብ አንጀቴ ራሰ።

መልስ 10

እዚህ ላይ ክሩ ጠነከረ። የሁለት ልጆች እናት ነች። ባክፊትስ የሚባለው፣ ከፊቱ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ያለው የጭነት ብስክሌት ነው የምትነዳው። ልጆቿ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይወርድላቸዋል። አንድ ቀን የልጆቿን ፎቶ የማታውቀው ሰው ገጽ ላይ አገኘችው። ሰውየው ሐበሻ ነው። ልብ ምልክት ሁሉ ተለጥፎበታል። ደውላ አስጠፋችው። ስለዚህ ጭነቱን አንሱ የሚለው ሐሳብ ጭነቱ ልጄ ሲሆን አይጥመኝም አለች።

መልስ 11

የሕግ ነገር የሚያውቅ ሰው ነገሩን አብራራ። ሕዝብ በሚተላለፍበት ቦታ ፎቶ ማንሳት በሆላንድ አይከለከልም። ጥያቄው የሚመጣው ስታወጡት ነው። የቅጂ መብት ሕጉ አንቀጽ 21 ፎቶው ላይ ያለው ሰው በቂ ምክንያት ካለው እንዳይወጣ መቃወም እንደሚችል ይናገራል። የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግም አለ። ልጅ ሲሆን ደግሞ ሚዛኑ ወደ ልጁ ያጋድላል። ደረቅ ነው፣ ግን ንጹሕ መልስ ነበር።

መልስ 12

ሕግ ሌላ፣ ነውር ሌላ የሚል መልስ ነው። አንቀጽ ቆጥረህ የሰው ልጅ ፎቶ የምትለጥፍ ከሆነ እናትህ ምን አስተማረችህ? አለ። መልስ 11 የጻፈው ሰው ማንን እንደተናገረ ጠየቀ። ሌላው ያነሣኸውን ታውቃለህ አለው። አወያዩ ሁለቱንም አቀዘቀዛቸው።

መልስ 13

ይህኛው ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው፤ አብዝቶ አሳስቦኛል። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያደገች ነች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ፈረንጅ መኪናውን አቁሞ ሲያነሳ እያየች ነው ያደገችው። ያኔ ይናድደን ነበር አለች። ጀርባቸው ጎብጦ፣ ላባቸው እየወረደ፣ እሱ ግን ብርሃኑ አማረኝ ይላል። አሁን አንተ መጥተህ የሰው ጭነት ውብ ነው ትለናለህ። ካሜራው እጃችን ስለገባ ልማዱ ተቀደሰ ወይ?

መልስ 14 (የእኔ)

እኔ እንዲህ ብዬ መለስኩ። ንዴቷ ይገባኛል፣ ድምዳሜዋን ግን አልቀበልም። የእንጦጦዋ እናት ያን እንጨት የምትሸከመው ሌላ ምርጫ ስለሌላት ነው። ፎቶውም የችግሯ ፎቶ ነው፤ አንሺው ደግሞ በመኪና የመጣ ነው። ዩትሬክት ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ በብስክሌት የሚጭን ሰው ቤቱ መኪና ሊኖረው ይችላል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ ሳይቀሩ ሥራቸው በብስክሌት ሲሄዱ ሁሉም ያውቃቸዋል። እዚህ አገር ጭነት በብስክሌት መያዝ ድህነትን አይናገርም። አንሺውም ያው ብስክሌት ነጂ ነው። ልጆችን በሚመለከት ግን ከመልስ 10 ጋር ነኝ፦ ፊታቸው አይታይ፣ ወይም ወላጅ ይጠየቅ።

እሷ አንድ ቃል ብቻ መለሰች፦ እናያለን።

መልስ 15

አየሩን ያቀለለው የግሮኒንገን ተማሪ ነው። የተማሪ ከተማ ነች። ቤት በሚቀየርበት ወቅት ሁለት ልጆች በሁለት ብስክሌት መሐላቸው ፍራሽ ይዘው ሲያልፉ ማየት ብርቅ አይደለም ይላል። ጓደኛውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀምጦ፣ ጓደኛው ደግሞ የቁም መስታወት አቅፎ ሄዷል። መስታወቱ ውስጥ የከተማው ሰው ሁሉ ይታያል። ፎቶ አለህ ወይ ሲሉት እየነዳሁ እንዴት ላንሳ አለ። ጨመረበት፦ ግሮኒንገን መሐል ከተማውን በ1977 በአራት ከፍላ መኪና ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳያልፍ አድርጋለች። ስለዚህ እዚያ የብስክሌት ፎቶ ለማንሳት መኪና እስኪያልፍ አይጠበቅም።

መልስ 16

ከርዕሱ የወጣነው እዚህ ነው፤ ግን ደግ አወጣጥ ነበር። አንዲት እናት በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ብስክሌት መንዳት የተማሩት ሰፈራቸው ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል ነው። አብረዋቸው የሶርያ፣ የኤርትራና የሞሮኮ ሴቶች ነበሩ። መጀመሪያ ፔዳል መርገጥ የለም። ኮርቻውን ዝቅ አድርገው በእግር መሬቱን እየገፉ ሚዛን መጠበቅ ነው። ቀጥሎ መታጠፍ፣ ከመታጠፍ በፊት እጅ ዘርግቶ ማሳየት። ለእሳቸው ከባዱ ያ ነበር፤ አንድ እጅ ሲለቁ ብስክሌቱ ይወዛወዛል። አሁን ገበያ በእሱ ይሄዳሉ። ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያንም ሄደዋል፤ ያ የኮት መከላከያ ሸራ ለነጠላም ይሠራል አሉ። ጎሚስታው ወዲያው አጨበጨበላቸው።

መልስ 17 እስከ 20

እነዚህን ባጭሩ ልለፋቸው። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ ያለ ሰው የሐበሻ ሴት ብስክሌት አታውቅም የሚመስል ወሬ አይጣፍጠኝም አለ። ባሕር ዳር ሜዳ ነች፣ ሴቱም ወንዱም ይነዳል። ሌላው አስመራን አመጣ። ከአስመራ ብስክሌት ተወዳዳሪው ቢንያም ግርማይ መጣ፤ በ2022 ቤልጂየም ላይ ጌንት ወቬልገም የሚባለውን ውድድር አሸንፏል፣ በ2024 ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ የ3 ቀን ውድድሮችን አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ይህን ሲሰማ ሌላው በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር አለ። ከዚያ ማን ይበልጣል ተጀመረ። ከዚያም ብስክሌቱ ቀርቶ ፖለቲካ ሊሆን ሲል አወያዩ ዘጋው። ሦስት መልስ ተሰርዟል። ምን እንደነበረ አትጠይቁኝ።

መልስ 21

የዩትሬክቷ እህት ክሩን አስታውሳ መለሰችው። ዩትሬክት ጣቢያ ሥር ያለው የብስክሌት ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። በ2019 ነው ሙሉ በሙሉ የተከፈተው። ውስጡ እየነዱ ይገባሉ፣ ሦስት ፎቅ አለው። አምስተርዳም ጣቢያ ፊት ለፊት ደግሞ በ2023 ከውኃ ሥር 7,000 የሚይዝ ተከፍቷል። ታዲያ እሷ ማቆሚያውን ሳይሆን ብስክሌቱን ያጣውን ሰው ነው የምታነሳው። በረድፎቹ መሐል ይመላለሳል። ኪሱን ይነካል። ቁልፉን እንደ አንቴና ከፍ አድርጎ ይዞ ይዞራል። ለዚህ ነው ሰዉ ቅርጫቱን ሮዝ የሚቀባው፣ የፕላስቲክ አበባ የሚጠመጥመው፣ የቢራ ሳጥን ፊቱ ላይ የሚያስረው አለች። ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሺህ ጥቁር ብስክሌት መሐል የራስን ማግኛ ነው።

ስለዚህ አበባዋ ከድልድዩ ይልቅ ማቆሚያው ውስጥ ብትነሳ ይሻላል። ይህ የእኔ ጭማሪ ነው።

መልስ 22

የአምስተርዳም ካናሎች ጥልቀት ሦስት ሜትር ከሆነ አንዱ ሜትር ብስክሌት ነው የሚለውን የቆየ ቀልድ ያመጣ ሰው ነው። ቀልዱ መሠረት አለው። የከተማው የውኃ ድርጅት መንጠቆ ባለው ጀልባ በየዓመቱ ከ12,000 እስከ 15,000 ብስክሌት ያወጣል። ጭቃ የለበሰ የብስክሌት ክምር ጀልባ ላይ ሲያልፍ ካያችሁ አንሱ ይላል። ማን ነው የሚጥለው የሚል ክርክር ተከተለ። ሰካራም ነው፣ ነፋስ ነው፣ የሰረቀ ነው። ጋሼ ሦስቱም ነው ብለው ጨረሱት።

መልስ 23

ፋትባይክ ተነሣ። ወፍራም ጎማ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ታዳጊዎች የሚወዱት ነው። ነርሷ በእነዚህ ምክንያት የተጎዱ ልጆች ድንገተኛ ክፍል ሲመጡ አያለሁ፣ ውበት ብሎ ማንሳት አያስፈልግም አለች። የካሜራው ሰው ደግሞ የዕለት ተዕለት ብስክሌት ካልን እሱም አለበት፣ የምንወደውን ብቻ መርጠን ካነሳን እኛም ፖስትካርድ እየሠራን ነው አለ። እዚህ ላይ የካሜራው ሰው በልጧል።

መልስ 24

ብዙ ያልተጠበቀ መልስ ነው። ምግብ የሚያደርስ ልጅ ነው፣ ትእዛዝ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ክሩን ሲያነብ ነበር። ይህን ያህል ስለ ጭነት ስታወሩ ጀርባዬ ላይ ያለውን ትልቅ ሳጥን አንድ ሰው አላነሣውም አለ። አዲስ የመጣ ሰው ቋንቋ ሳይጠይቁት ቶሎ የሚያገኘው ሥራ ይህ ነው። ብርድ ሲበረታ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ሲያልቅ ያ ሁሉ ክብደት በእግር ነው። ስልኩ መሪው ላይ ይታሰራል። ከጁላይ 2019 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ያስቀጣል፤ አድራሻ ሳያይ ደግሞ መሥራት አይችልም። ዝናብ ሲዘንብ ሰዉ ቤቱ ይቀመጣል፣ ትእዛዙ ይበዛል። የእሱ ጥሩ ገቢ የሁሉም መጥፎ ቀን ነው።

ፎቶ ግን አልፈልግም አለ። እናቴ ቢሮ እንደምሠራ ነው የምታውቀው።

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም። ከዚያ የሽሮ ሜዳዋ ልጅ የእሱን መልስ ጠቁማ የእኔን ስም ብቻ ጻፈች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ለእሷ የምሰጠው መልስ አለኝ። በመኪና ምትክ ብስክሌት የመረጠውና ብስክሌት የግድ የሆነበት ሰው አንድ መንገድ ላይ ነው የሚሄዱት። ከፎቶው ላይ ሁልጊዜ አይለዩም። ስለዚህ መጠየቅ አለብን፤ እምቢ ሲሉም መተው። ልጁን በግል ጻፍኩለት፣ ሳጥኑንና እጁን ብቻ አሳይቼ ላንሳ ብዬ። አስባለሁ ብሏል።

መልስ 25 እስከ 27

አንዱ ጥሩ ብስክሌት በ40 ዩሮ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ጎሚስታው የፍሬሙን ቁጥር ጠየቀው። ሰውየው ቁጥር ምን ያደርግልሃል አለ። ጎሚስታው በትዕግሥት አስረዳ፦ የተሰረቀ ብስክሌት በመንግሥት መዝገብ ላይ በፍሬም ቁጥሩ ይፈለጋል። ዋጋው አለቅጥ የረከሰ ሆኖ የገዛ ሰው አላውቅም ቢል አይድንም። ሰውየው ተቆጣ፣ ሌባ አልከኝ አለ። ማስታወቂያው ጠፋ።

ጋሼ ይህን አይተው በ1965 ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች ብስክሌት ነጭ ቀብተው ማንም ይንዳው ብለው ሳይቆልፉ መንገድ ላይ አቆሙት ብለው አጫወቱን። ፖሊስ ያልተቆለፈ ብስክሌት ማቆም አይፈቀድም ብሎ ወሰደው። የሰረቀው ሌባ ሳይሆን መንግሥት ነው ብለው ሳቁ።

መልስ 28

የዩትሬክቷ እህት አንድ ቅዳሜ ተገናኝተን አብረን እናንሳ ብላ ጠየቀች። ነርሷ ቅዳሜ ተረኛ ነኝ፣ እሑድ ይሁን አለች። የሽሮ ሜዳዋ ልጅ እመጣለሁ፣ ካሜራ ግን አልይዝም አለች።

መልስ 29

ብስክሌት በባቡር ይዞ መምጣት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ጎሚስታው መለሰ። ይቻላል፣ ለብስክሌቱ ለብቻው ትኬት ይቆረጣል። በሥራ ቀን ሰዉ በሚበዛበት ሰዓት አይፈቀድም፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ችግር የለም። ታጣፊ ከሆነ በነጻ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ጣቢያ ላይ የሚከራየው ቢጫና ሰማያዊው ኦቪ ፊትስ ነው። በአንድ የሕዝብ ትራንስፖርት ካርድ ሁለት ብስክሌት ይወጣል።

መልስ 30

ስለዚህ ካርድ ያላችሁ ስማችሁን ከታች ጻፉ። ካርድ የሌለው ከማን ጋር እንደሚነዳ እንመድባለን። ጋሼ የራሳቸውን ብስክሌት ይዘው ነው የሚመጡት፤ አስቀድመው አሳውቀዋል።